የመዘምራኑ ቀሚስ

ፌበን ሸዋዬን ለመበቀል የቆረጠችው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ መካከል፣ በአንዲት በተንቀጠቀጠች መስመር ምክንያት ነው።

መስመሯ የፌበን ነበረች። ሁለተኛ ልጇ አዶናይ በሰባት ወሩ ተወልዶ ስዊድን ውስጥ ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ስምንት ሳምንት ማሞቂያ ውስጥ ተኛ። ባሏ ባርናባስ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ትልቋን ልጃቸውን ሚካልን ሠፈራቸው ሁስቢ ካለው ትምህርት ቤት የሚያመላልሳትም እሱ ስለነበር፣ ፌበን ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ከሕፃኑ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። እጇ ደግሞ ሥራ መፍታት አያውቅም። ከወሊዷ በፊት ግማሽ ቀን አረጋውያን ትንከባከባለች፣ ግማሽ ቀን የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ትነድፋለች። ንድፉን ሽሮ ሜዳ ላለው ሸማኔ ለተገኝ ትልክለትና ተሸምኖ ሲመጣላት ራሷ ሰፍታ ትሸጣለች። በስሟ ያስመዘገበቻት ትንሽ ድርጅት ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። እናም ማሞቂያው አጠገብ፣ ባለ ካሬ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ የልጇ የልብ ምት ስክሪኑ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል እያየች እንደሱው ከፍ ዝቅ የሚል አዲስ ጥለት ጀመረች። ሰባተኛው ጫፍ ላይ ስትደርስ ማሽኑ ጮኸ። እጇ ተንቀጠቀጠ። ነርሷ ሮጣ መጣች፤ ለካ ሽቦ ተላቆ ነው። ፌበን ግን ያቺን የተንቀጠቀጠች ቦታ አላጠፋቻትም። ጥለቱን "እስትንፋስ" አለችው።

በእነዚያ ሳምንታት ከሰው ሁሉ አዘውትራ የጠየቀቻት ሸዋዬ ነበረች። ከሠፈሯ ከፋርስታ ድረስ በፔርሙስ አጥሚት ይዛ ትመጣለች። ሸዋዬ ኮሙን፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤት የምትሠራ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢ፣ ንግግሯ የተለካ፣ ጫማዋ ክረምት ከበጋ የተወለወለ ሴት ናት። የእሷ ልጅ ሀሴትና የፌበን ሚካል ደግሞ እኩያሞች ናቸው፤ አንዷ ያለ አንዷ አይሆንላቸውም። ፌበን ደብተሩን ያሳየቻት እህቴ ናት ብላ ነው።

"እጅሽ የተባረከ ነው" አለቻት ሸዋዬ ገጾቹን እያገላበጠች። ፌበን ጡቷን ልታልብ ወደሚቀጥለው ክፍል ስትሄድ ደብተሩን እሷው እጅ ላይ ትታው ሄደች።

ከዓመት በኋላ አብያተ ክርስቲያናቱ በጋራ ባዘጋጁት ባዛር ላይ፣ ፌበን አዶናይን አዝላ፣ ሚካልን በእጇ ይዛ ስትገባ የሸዋዬን ጠረጴዛ አየች። ከላይ "ሸዋዬ ዲዛይን" የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ከሥሩ ነጫጭ ቀሚሶች ተደርድረዋል፤ ሰውም ከቧቸዋል። ፌበን የአንዱን ጥለት በጣቷ ተከትላ ቆጠረች። ሰባተኛው ጫፍ ላይ መስመሯ ተንቀጠቀጠች። ሸማኔው ስሕተቷን ሳይቀር ገልብጧታል።

"ይሄን ማነው የነደፈው?"

"እኔ ነኛ! አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ጎበዝ ሸማኔ አገኘልኝ።"

"እዚህች ጋ ለምን ተንቀጠቀጠች?"

ሸዋዬ ጎንበስ ብላ አየች። "የእጅ ሥራ አይደል? ሸማኔው ይሆናል።"

"አዶናይ የሞተ መስሎኝ ነው የተንቀጠቀጥኩት። ደብተሬን ፎቶ አንስተሻል።"

ሸዋዬ ዙሪያዋን ቃኘችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ፌቢዬ፣ ሰው ፊት አይሆንም። ያን ጊዜ ሁሉን ነገር የተውሽው መስሎኝ ነበር። ጥሩ ነገር ለምን ይባክናል? ደግሞስ አንቺ አሁን ልጅሽን አሳድጊ እንጂ፣ ለዚህ የሚሆን ጊዜ የት አለሽ?" ይህን ብላ አዶናይን ጉንጩን ነካ አድርጋው ወደ ደንበኞቿ ዞረች።

ስርቆቱ አንድ ነገር ነው። ፌበን ውስጥ ገብቶ የቀረው ግን "ልጅሽን አሳድጊ" የሚለው ነው። አጥሚቱ ሁሉ ያን ዕለት ከሆዷ ወደ ጉሮሮዋ የተመለሰ መሰላት።

በማግስቱ ለሽማግሌው ለጋሽ ሣህሉ ነገረቻቸው። ጋሽ ሣህሉ በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው፣ ዩኒቨርሲቲ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ስትመሠረት ወንበር ከደረደሩት አንዱ ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሟትና፣ "ልጄ፣ ጥበብ የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው" አሉ። "እሱ የሰጠው ጥበብ እንዴት ይሰረቃል? ለአንቺ ሌላ ይሰጥሻል። በበዓላችን ዋዜማ ኅብረቱን አንበጥብጥ።"

"እሺ ጋሼ፣ እንዳሉ" አለች ፌበን። አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ባርናባስ የሚስቱን ዝምታ ያውቀዋል። ዝም ስትል ነው የሚፈራት። "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው ይላሉ" አላት ሾርባ እየቀዳላት። "ተይው በቃ።"

"ሳል የያዘኝ እኔ ነኝ እንጂ" አለች ፌበን፣ "የሰረቀችውማ ጤነኛ ናት።"

በዚያ መስከረም ቤተ ክርስቲያኗ ሠላሳኛ ዓመቷን ልታከብር ሽር ጉድ ተጀመረ። ለመዘምራኑ አዲስ ቀሚስ ይሠራ ተባለ፤ ሥራውም ለሸዋዬ ዲዛይን ተሰጠ። ማን ይሥራው ብሎ የጠየቀ እንኳ አልነበረም። ፌበን አጨበጨበች። ከዚያ ቤቷ ገብታ ደብተሯን አወጣች።

አዶናይ ቀን በተኛ ቁጥር ነደፈች። ሊጥ ማቡካት ረስታ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የያዘችው ተራ አልፎባት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ነደፈች። በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ የተዋበ ጥለት ነበር፤ ወርቃማ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ሰማያዊ። ከአንገት እስከ እግር የሚወርድ፣ መስቀልም ሐረግም የሚመስል። ግን ሐረግ አልነበረም። ፊደላት ነበሩ፤ በጎናቸው የተኙ፣ ቅርንጫፍ የተቀጠለላቸው፣ እርስ በርስ የተያያዙ አምስት ፊደላት፣ እየተደጋገሙ። ሲቃኑ "የሰው ነው" ይላሉ።

የሴቶች ኅብረት ስብሰባ ተራው የፌበን ቤት ሲሆን፣ ደብተሩን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ገልጣ ተወችው። ሌሎቹ ሴቶች ሲወጡ ሸዋዬ ጫማዋን ለማጥለቅ ዘገየች። ፌበን "አዶናይን ላጽዳው፣ መጣሁ" ብላ መታጠቢያ ቤት ገባች። ዳይፐሩን ፈታ፣ ጆሮዋን በሩ ላይ ጥላ ቆመች። የሸዋዬ ስልክ ካሜራ ሁለት ጊዜ ሲጮኽ ሰማች። ልጁን ስማው፣ "ወጥመዱ ውስጥ ገባች" አለችው በሹክሹክታ። አዶናይ ሳቀ።

በክብረ በዓሉ ዕለት አሥራ ስምንት ሴቶች ያን ቀሚስ ለብሰው መድረክ ላይ ሲወጡ ጉባኤው እልል አለ። ፌበን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። አሥራ ስምንት ሴቶች በደረታቸው "የሰው ነው፣ የሰው ነው" እያሉ ሃሌ ሉያ ዘመሩ። ማንም ምንም አላለም። ጥለት ነዋ። ጥለትን ማን ያነባል? ሸዋዬ ምስጋናዋን ተቀብላ፣ አበባ ተበርክቶላት ወረደች።

አንድ እሑድ አለፈ። ሁለት፣ ሦስት። ቀሚሱ ሲመሰገን እየሰማች ፌበን ከሳች። የራሷን በቀል የራሷ ውበት ደብቆባት እንዲህ ልትቃጠል ነው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ፤ ደግሞ ያልታየ በቀል ከመወጋቱ የባሰ ያማል።

ፌበን እሑድ እሑድ ከስብከት በፊት ለልጆች ፊደል ታስተምራለች። አማርኛ ሲናገሯቸው ገብቷቸው በስዊድንኛ የሚመልሱ አሥር ልጆች ናቸው። በአራተኛው እሑድ አዲስ ጨዋታ አመጣችላቸው። "ፊደል አደን ነው" አለቻቸው። "ፊደል ደብተር ላይ ብቻ አይደለም ያለው። ይደበቃል፣ ይተኛል፣ ይገለበጣል። ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ያገኘ ልጅ ጮክ ብሎ ያንብብ።" ከዚያ የ፣ ሰ፣ ው፣ ነ የሚሉትን ካርዶች አንድ በአንድ በጎናቸው እያስተኛች አሳየቻቸው። ልጆቹ አንገታቸውን ዘመም አድርገው አነበቡ። ከሁሉ ቀድማ የምታነበው ሀሴት ነበረች። ፌበን ይህን አይታለች። ካርዶቹን ግን አልሰበሰበችም።

ስብከቱ ረጅም ነበር። መዘምራኑ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ሸዋዬም ያንኑ ቀሚስ ለብሳ አብራቸው ናት። ሀሴት ደክሟት እናቷ ጎን መጥታ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ተጋደመች። ሸዋዬ ጸጉሯን ትደባብሳታለች። መጋቢው "አሁን በጸጥታ እንጸልይ" ሲል አዳራሹ ጭጭ አለ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ የልጅ ድምፅ ተሰማ። "የ… ሰ… ው…"

ፌበን ዓይኗን ገለጠች።

"ነ… ው። የሰው ነው!" ሀሴት ተነሥታ በደስታ አጨበጨበች። "ፌበን! አገኘሁት! ማማ ላይ ነው! እዚህም አለ፣ እዚህም፣ እዚህም!" በጣቷ የእናቷን ደረት ትነካለች። ከዚያ ወደ እናቷ ቀና አለች። "ማማ፣ ቬምስ ኤር ዴ?" የማን ነው ማለቷ ነው። "የየትኛው ሰው?"

ጋሽ ሣህሉ መነጽራቸውን አደረጉ። አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘመም አደረጉ። አጠገባቸው ያለውም ሰው ዘመም አለ። ከኋላ ያለው ረድፍም። መዘምራኑ አንዷ የሌላዋን ደረት እያየች አንዷ ነጠላዋን፣ ሌላዋ መዝሙር መጽሐፏን ላይዋ ላይ ሰበሰበች። አንዲት ሴት ሳቅ አመለጣት። መጋቢው "አሜን" አለ፤ አሜን የሚለው ግን ጠፋ።

ሸዋዬ ዘወር ብላ በሦስተኛው ረድፍ ፌበንን ፈለገቻት። ፌበን ፊቷን አልሰወረችም። እስኪበቃት አየቻት። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ከሆስፒታሉ ወዲህ እንዲያ ሆኖ ደረቷ ተከፍቶ የተነፈሰችበት ቀን አልነበረም።

ሸዋዬ የልጇን እጅ ይዛ በመካከለኛው መተላለፊያ ወጣች። ሀሴት እየተጎተተች ወደ ፌበን ዞረች። "ምን አጠፋሁ?" አለቻት በስዊድንኛ።

በማግስቱ ጋሽ ሣህሉ ደወሉ።

"አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"በእግዚአብሔር ቤት?"

"የተሰረቀውን ስነግርዎት ጥበብ አይሰረቅም አሉኝ። እኔም አልከለከልኳት፤ ወሰደችው።"

"ያን ቀን ላደምጥሽ ይገባኝ ነበር" አሉ ሽማግሌው። "ግን ልጅቷን ለምን አስገባሻት?"

"አላስገባኋትም" ብላ ልትመልስ ነበር። ካርዶቹ ትዝ አሏት። "ማንኛውም ልጅ ቢያነበው ብዬ ነው" አለች።

"ልጅ ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ነው፣ ፌበን" ብለው ስልኩን ዘጉ።

ቀሚሶቹ ተሰብስበው ለሸዋዬ ተመለሱ። ሸዋዬ ከሰብሳቢነቷ ወርዳ ሌላ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመረች። የጠረጴዛዋ ጽሑፍም ከዚያ ወዲህ ባዛር ላይ አልታየም። ወሬው ከሁስቢ እስከ ፋርስታ ሲዳረስ "እስትንፋስ" የፌበን መሆኑን ያላወቀ አልቀረም። ለሠርግና ለክርስትና የሚያዟት ሴቶች በዙ። አንዳንዶቹ ግን ቀሚሱን ሲረከቡ እያገላበጡ ያዩታል፤ ጥቂቶች ደግሞ መዘምራንን በስድብ ያለበሰች ሴት ብለው ሰላምታዋንም አቋረጡ። ፌበን አልከፋትም። "ፈርተው ቢያከብሩኝም ያው መከበር ነው" ትላለች ለባርናባስ።

ነገሩ ከልቧ ያልወጣላት ሚካል ናት። ሳምንት ሙሉ ጸጉሯን እናቷ እንዳትሠራላት እምቢ አለች። "ሀሴት እንደምታነበው ታውቂ ነበር?" አለቻት አንድ ጠዋት፣ ሁልጊዜ ከምትመልስበት ስዊድንኛ ወጥታ በአማርኛ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች። ፌበን ማንኪያውን ወደ አዶናይ አፍ እንደያዘች ቀረች።

"ጎበዝ እንደሆነች አውቅ ነበር" አለች።

በጸደይ የሀሴት ልደት ሆነ፤ ሚካል ተጠራች። ፌበን ለሀሴት ቀሚስ ሰፋች፤ ቀለል ያለ፣ ጠርዙ ላይ ቢጫ ብቻ ያለው። ባርናባስ ሚካልን ፋርስታ አደረሳት። ወደ ማታ ስትመለስ ከረጢቱን ከነቀሚሱ ይዛ ገባች።

"የሀሴት እናት ብርሃን ላይ ይዛ አየችው" አለች። "ወደ ጎን፣ ደግሞ ገልብጣ። ከዚያ አንቀበልም አለች።"

ፌበን ሳታስበው ሳቀች። ሸዋዬ መስኮቱ ጋ ቆማ ባዶ ጨርቅ ስታነብ ታየቻት፤ ጣፈጣትም። ከዚያ፣ "ሀሴትስ?" አለች።

"ለብሳው ነበር። አስወለቀቻት።"

"አለቀሰች?"

ሚካል ትከሻዋን ነቀነቀችና ወደ ክፍሏ ገባች። ፌበን ከረጢቱን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ለሸዋዬ የሚያዝን ነገር ልቧ ውስጥ ፈለገች፤ አላገኘችም፤ ባለማግኘቷም አላፈረችም። ቀሚሱ ግን በሀሴት ልክ የተሰፋ ነበር፤ ለሚካል እጅጌው ያጥራታል። አዶናይ ከወጥ ቤት ጠራት፤ ራበኝ ማለቱ ነው። ከረጢቱን ወንበር ላይ አስቀምጣ ሄደች።