ቁልቁለት ላይ ያልሞላው ባትሪ

አባቴ ጡረታ የወጣው ከአውቶቡሱ ነው እንጂ ከሹፌርነት አይደለም። ምግብ ሲዘገይበት ዛሬም «መነሻ ሰዓት አልፏል» ይላል። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ታላቅ እህቴ አዋላጅ ነርስ ስለሆነች ሰፈሩ በሙሉ፣ እኛም ጭምር፣ ሲስተር እንላታለን። እኔን ሲጠሩኝ ቶሎ ስለማልሰማ ቤት ውስጥ ደመናው ይሉኛል።

አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና አለችን። ጠዋት አባቴ እናቴን ከነጨርቋ ሱቋ ያደርሳታል፤ ከዚያ ደንበኛ ቤት፣ ከዚያ ቁልፍና ክር ፍለጋ ይዟት ሲዞር ይውላል። ሲመለስ ባትሪው ገና ብዙ ቀርቶት እያለ ቻርጅ ላይ ይሰካታል። ዕድሜ ልኩን ከግማሽ ታንከር በታች ነድቶ አያውቅማ። ሁለተኛ መኪና እንደሚያስፈልገን ሁላችንም ተስማምተናል። የትኛዋ የሚለው ላይ ሲደረስ ግን ቤቱ ይበጠበጣል።

ለሲስተር ነገሩ የወሬ ጉዳይ አልነበረም። ኮረብታው ላይ ያለው ጤና ጣቢያ የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ሊያደርጋት ፈልጓል፤ ስትመኘው የኖረችው ቦታ ነው። ችግሩ፣ ጠዋት የመጀመሪያው አውቶቡስ እዚያ የሚደርሰው የሌሊት ተረኞች ወጥተው ካለቁ በኋላ ነው። ዳይሬክተሯ በሰዓቱ መድረስ መቻልሽን እስከ አርብ አረጋግጪልኝ፣ ካልሆነ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ አለቻት። መኪና ከተገኘ ኃላፊ ናት። ካልተገኘ ባለችበት ትቀጥላለች።

ይህን ሰምቶ አንዲት መኪና መምረጥ ምን ያህል ይከብዳል የሚል ሰው ካለ የእኛን ቤት አያውቅም።

እናቴ የተሰፋ ቀሚስ ሳይጨማደድ የሚዘረጋበት የኋላ ወንበር ካላገኘሁ አለች። አባቴ የወደዳት መጋዘን የምታክል መኪና ናት፤ አንዴ ከተሞላች አገር አቋርጣ ትመለሳለች። ሲስተር የፈለገችው ትንሿን ነው። የጤና ጣቢያው ግቢ ከመጥበቡ የተነሳ አምቡላንሱ እንኳን የሚወጣው ወደ ኋላ እየነዱት ነው። አባባ፣ እኔ ከቤት ኮረብታ፣ ከኮረብታ ቤት ነኝ፣ አገር ማቋረጡን ከየት ላምጣው ብትለው፣ መንገድ ቢዘጋና ዞረሽ መሄድ ቢኖርብሽስ አላት። ከተዘጋማ ለትልቋም ይዘጋል አለችው። እንዲህ እያሉ ሳምንቱ ተጋመሰ።

ሦስት መሸጫ ዞርን። አባቴ የእያንዳንዷን ጎን በጣቱ ያንኳኳል፣ ኮፈኗን አስከፍቶ ውስጧን እያየ ራሱን ይነቀንቃል። አንዱ ጋ ሻጩን አስነሣትና ድምጿን ልስማው አለው።

«ተነስታለች ጋሼ።»

«መቼ?»

ሲስተር እዚያው በሳቅ ፈረሰች። አባቴ ግን አልሳቀም። ድምፅ የሌለው ሞተር ለእሱ ነገር የሚደብቅ ሰው ማለት ነው።

ሐሙስ ዕለት ሲስተር ለምና ለምና ትንሿን ነድቶ እንዲሞክራት እሺ አሰኘችው። ሻጩ ሌላ ደንበኛ መጣበትና የአባቴን መታወቂያ ይዞ ቁልፉን ሰጠን። አባቴ መሪውን ያዘ፣ ሲስተር አጠገቡ፣ እኔ ከኋላ ጉልበቴን አገጬ ሥር አጥፌ ተቀመጥኩ። ወደ ኮረብታው ወጣን። ስንነሳ ባትሪው ስልሳ በመቶ ይል ነበር፤ አናቱ ላይ ስንደርስ ሃምሳ አራት ሆኗል።

«አየሻት? እየጠጣች ነው» አለ አባቴ።

«ስንወርድ ትመልሰዋለች አባባ። ቁልቁለት ላይ ራሷ ትሞላለች።»

«ሠላሳ ዓመት ቁልቁለት ወርጃለሁ። አንድም ቀን ነዳጅ ቀድቶልኝ አያውቅም።»

እሺ ዝም ብለህ ቁጥሩን እይ አለችው። መኪናዋን አዙሮ መውረድ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ወንበሮቹ መሃል ማርሽ የሚቀየርበት እንደ ራዲዮ ድምፅ መቆጣጠሪያ የሚዞር ነገር አለ። መንገዱ ረጋ ወዳለው ቁልቁለት እንደገባ የአባቴ እጅ ሄዶ ያንን ዞር አደረገው፤ መኪናዋ ከማርሽ ወጥታ በራሷ ክብደት መንሸራተት ጀመረች። አስቦበት አልነበረም። በሥራ ዘመኑ ነዳጅ የሚሰጠው ለየጉዞው በልክ ነበር፤ የተረፈው ደግሞ የሹፌሩ ነው። ስለዚህ ቁልቁለት ባየ ቁጥር እጁ ሳያማክረው ማርሽ ያወጣል። እናቴ አንድ ቀን ገደል ትከተናለህ እያለች የምትጨቃጨቀው በዚሁ ነው። ከማርሽ የወጣች መኪና ደግሞ ለባትሪው ምንም አትመልስም። ለካ የእኛዋም መኪና አንድ ቀን እንኳን ቁልቁለት ላይ ሞልታ የማታውቀው ለዚህ ኖሯል።

ቁጥሩ ሃምሳ አራት ላይ ቆመ። ሲስተር ወደ ፊት ተጠግታ አፈጠጠችበት። ሃምሳ አራት። የምትናገረውን አጥንታ የመጣች ልጅ፣ አባቷ ፊት ውሸታም ልትባል ነው። ጆሮዋ ሲቀላ ከኋላ አየሁት።

«አባባ፣ ማርሹን እኮ አውጥተኸዋል፤ ለዚያ ነው» አልኩ።

«አንተ መንጃ ፈቃድ አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያ ተሳፋሪ ነህ። ተሳፋሪ ሹፌር አያናግርም።»

ሲስተር ወደ እጁ ተመለከተች፣ ገባት። እንመለስና በማርሽ እንውረድ ብላ ለመነችው። እንዴት እንደሚወረድ ከአንቺ አልማርም አላት። በደህና ድምፅ ነው የተናገረው፤ እሱ ነው የሚያበሳጨው። ቢቆጣ ይሻል ነበር፣ የተቆጣ ሰው ይበርድለታል።

መሸጫው ስንደርስ ሻጩም ነገሩን ሰምቶ፣ ጋሼ ማርሽ ላይ ካልሆነች አትሞላም፣ እርስዎም ቢሞክሩት ያዩታል አለው በትህትና። አባቴ የሚሸጥ ሰው ሌላ ምን ሊል ነው ብሎ መለሰለት። ከዚያ ማንም ምንም ሳይለው ቁልፉን ተቀብሎ ብቻውን ገባና ሄደ።

በር ላይ ባሉት የፕላስቲክ ወንበሮች ቁጭ ብለን ጠበቅነው። ሲስተር ስልኳን በእጇ እያገላበጠች ነው። በማርሽ ይወርድ ይሆናል አልኳት።

«ይወርዳል። ያያልም» አለች። «ግን አይነግረንም።»

ሲመለስ ከመኪናዋ እስኪወርድ አልጠበቅኩም፤ በመስኮቱ አንገቴን አስገብቼ አየሁ። ዳገቱ እንደ መጀመሪያው ስድስት ከበላ አርባ ስምንት ላይ መገኘት ነበረባት። ሃምሳ አንድ ትላለች፤ ቁልቁለቱ ላይ ሦስት መልሳለች። አባቴ እኔንም ቁጥሩንም አየ፣ በሩን ዘጋ፣ ቁልፉን ለሻጩ መለሰ።

«መቀመጫዋ ወገብ ይይዛል» አለ።

ሲስተር ስልኳን ማገላበጧን ተወች። ተነስታ ትንሽ ራቅ አለችና ደወለች። ድምጿን አልቀነሰችም፤ እንድንሰማ ፈልጋለች። ለዳይሬክተሯ ሰኞ በሰዓቱ እገኛለሁ አለቻት። ቀጥላ ሌላ ሰው ጋ ደወለች። ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ክፍል የሚያከራዩ ባልና ሚስት አሉ፤ ያቺ ክፍል ገና ካልተያዘች ቅዳሜ እገባለሁ አለቻቸው። አልተያዘችም ነበር።

አባቴ መታወቂያውን ኪሱ ለማስገባት ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

ማታ እራት ላይ እናቴ በአፏ መርፌ እንደያዘች ሰው ከንፈሯን ገጥማ ተራ በተራ ታየን ነበር። ሲስተር ሳሎኑ ጥግ ላይ የሥራ ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። እናቴ በመጨረሻ አላስቻላትም።

«እና የትኛዋን መረጣችሁ?»

«ትንሿን» አለ አባቴ ከሳህኑ ቀና ሳይል።

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ከሰዓታት በፊት ይህችኑ ቃል ቢተነፍሳት ኖሮ! ሲስተር ማጠፏን አላቆመችም።

«ለማን?» አለች።

«ለአንቺ ነዋ፣ ለማን ሊሆን ነው?»

«እኔ እኮ በእግሬ መንገድ መሻገር ብቻ ነው የሚቀረኝ። ለሰዎቹም ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

እናቴ ልጅቷን ይዛ ማባበል ጀመረች፣ መልሳ ተወችው፤ ክፍሉ መስኮት አለው ወይ ብላ ብቻ ጠየቀች። አለው አለች ሲስተር። መጋረጃ እሰፋልሻለሁ፣ ልኩን አምጪልኝ አለቻት። አባቴ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሳህኑን ገፋ አደረገ።

«ክፍሉን ገብተሽ አይተሽዋል?»

«በስልክ ነው የተነጋገርነው።»

«ውሃው ይመጣል? መብራቱስ? በሩ በየት በኩል ነው የሚከፈተው?»

«አላውቅም አባባ።»

«ሳታዪ እሺ አልሽ?» አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያልነበረው ነፍስ ፊቱ ላይ ተመለሰ። «ነገ አብረን ሄደን እናየዋለን። እሱን ብቻ አይደለም፣ በዙሪያው ያሉትንም እናያለን። ክፍል እንዲህ ባንዴ አይመረጥም።»

ሲስተር እኔን አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ከዚያ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብላበት ዚፑን በኃይል ሳበችው።