የዶን አብዶን የሥጋ ሚዛን

ወንድሜ ኤቬሊዮ ሲያኝክ መስማት ቋቅ ብሎኛል። ውሸቴን አይደለም። በአንድ እጁ የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ፣ በሌላው የልጁን ብስክሌት መቀመጫ ይዞ ሱቄ ይገባና አፉን ሞልቶ «እህቴ፣ ይሄ ነገር አልከበደም?» ይለኛል። ቅባቱ በአገጩ ላይ ይወርዳል። ሆዱ ቀበቶውን ሸፍኖታል፤ ሦስት ደረጃ ሲወጣ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ያለከልካል። ስለ ክብደት የሚያስተምረን እንግዲህ እሱ ነው!

እኔ ጎማ ሠሪ ነኝ። ዱይታማ በምትባል ተራራማ ከተማችን ውስጥ፣ አባታችን በተወልኝ ሱቅ፣ ቸርኬና ሽቦ እያገጣጠምኩ ለእሽቅድምድም ብስክሌቶች ጎማ እሠራለሁ። በኛ አገር ሰው ወይ በብስክሌት ዳገት ይወጣል፣ ወይ ስለሚወጡት ያወራል። ኤቬሊዮ ከሚያወሩት ነው። የምትወጣው ልጁ ዩርሌይ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔና እሱ አሳደግናት፤ አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ዳገት ላይ ከመቀመጫዋ ብድግ ስትል የሚከተላት የለም። አክስቷ ስለሆንኩ አይደለም እንዲህ የምለው፤ ወንዶቹ ራሳቸው እየተራገሙ ይመሰክሩላታል።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ዶን አብዶን ሥጋ ቤት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከልምምድ መልስ ብስክሌተኛው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ዶን አብዶን ከጣሪያው የተንጠለጠለ የብረት ሚዛን አለው። ሥጋውን ያወርድና መንጠቆውን በሽርጡ ጠረግ አድርጎ ብስክሌቶቹን ተራ በተራ ይሰቅላቸዋል። ለቀላሉ ይጨበጨባል፤ በከባዱ ይሳቃል፣ ባለቤቱም ቢራ ይጋብዛል። ቂልነት ነው፣ ግን ማንም ተቀይሞበት አያውቅም። አንድ ቅዳሜ ዩርሌይ የአያቷን የብረት ብስክሌት ሰቀለች። የሚዛኑ ቀስት ሄደ፣ ሄደ፣ አልቆም አለ።

«ዶን ኤቬሊዮ!» አለ አንዱ ከኋላ። «ይሄ ብስክሌት ነው ወይስ በግ? ቆዳው ይገፈፍ እንዴ?»

ሥጋ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ዩርሌይም አብራ ሳቀች። ያን ጠዋት በዚያው ብረት ሁሉንም ጥላቸው ነው የመጣችው፤ ምን ቸገራት! ኤቬሊዮ ግን ፊቱ ቀላ፤ ቢራውን ጋበዘና እሱ ሳይጠጣ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውዬው ለየለት።

መጀመሪያ ፍሬሙ መጣ። ካርቦን ነው፣ በሁለት ጣት ይነሳል፤ አልዋሽም፣ ያምራል። ኤቬሊዮ ቀለም ይመዝናል ብሎ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው። ከዚያ መሪው፣ ፍሬኑ፣ ማርሹ፣ ፔዳሉ፣ ሁሉም ለየብቻው፣ ከየአገሩ መምጣት ጀመረ። አንዱ ዕቃ በደረሰ ቁጥር ካርቶኑን እንኳ ሳይጥል ሥጋ ቤት ወስዶ ያስመዝነዋል። የብረት ብሎኖቹን አውጥቶ በቲታኒየም ለወጣቸው፤ ቲታኒየሙንም ከብዷል ብሎ በሞረድ ሞረደው። ጎማዎቹን እኔ ሠራሁ። ቀጫጭን ሽቦ፣ ቀላል ቸርኬ፤ ሽቦዎቹን በጥፍሬ ስመታቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ እስኪሰጡኝ ድረስ ጠበቅ ላላ እያደረግኩ አስተካከልኳቸው። ለዩርሌይ ብዬ ነው፤ ለሱማ ጋሪም አልሠራለትም።

ዩርሌይ የእናቷን ሜዳሊያ ከአሮጌው ብስክሌት ፈትታ አዲሱ መቀመጫ ሥር አሰረቻት። የካርሜኗ ድንግል ማርያም፣ የመንገደኛ ጠባቂ ናት፤ በየሐምሌው ቄሱ ብስክሌቶቻችንን ጠበል ሲረጩ አብራ የተረጨች። ኤቬሊዮ ሲያያት በጉጠት ቆርጦ ጣላት።

«ኧረ በስመ አብ! ድንግልን?» አልኩት።

«ድንግል ከሰማይ ሆና ታያት የለም እንዴ? እዚህ ተንጠልጥላ ምን ትሠራለች? ሸክም!»

ከወለሉ አንስቼ መሀረቤ ውስጥ ቋጠርኳት። ሰውዬው በልጁ ፊት ነው ይህን የሚያደርገው! የልጅቷ ዓይን ጉጠቱ ላይ ቀረ።

ይህ ሁሉ ጥድፊያ ለሐምሌው የዳገት ውድድር ነው። ከዋና ከተማው ከቦጎታ የቡድን መራጮች ይመጣሉ፤ ፊት ሆነው ጫፍ የደረሱትን ሴቶች ይዘው ይሄዳሉ። ዩርሌይ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው ይሄንኑ ነው። ውድድሩ አራት ወር ሲቀረው ብስክሌቱ ተገጣጥሞ አለቀና በዶን አብዶን መንጠቆ ላይ ተሰቀለ። ቀስቱ ስድስት ኪሎ ከሩብ ላይ ቆመ። ፉጨቱ! ጭብጨባው!

«በትልልቁ ውድድር ግን ከዚህ በታች አይፈቀድም የሚባል ነገር አለ» አለ ዶን አብዶን ጢሙን እያሻሸ። «ስድስት ስምንት መቶ ነው መሰለኝ።»

«ያ የአውሮፓውያን ሕግ ነው!» አለ ኤቬሊዮ። «እኛ ጋ አየሩ ራሱ ቀላል ነው! ደሞስ በዚህ ሸለቆ ከርስዎ ሌላ ማን ሚዛን አለው?»

ሰው «እውነት ነው!» ብሎ ሳቀ። እውነትም እኛ ጋ ዳኛ ሚዛን ይዞ መጥቶ አያውቅም። ያኔ ኤቬሊዮ ብስክሌቱን አወረደ፣ ቅባታም እጁን በሱሪው ጠረገና ወደ ልጁ ዞረ።

«ነይ አሁን አንቺ።»

ቀልድ መስሎን ነበር። ቀልድ አልነበረም። ዩርሌይ ጫማዋን አወለቀች፣ መንጠቆውን በሁለት እጇ ያዘችና ተንጠለጠለች፣ በአንድ በኩል የበሬ ጎድን፣ በሌላው የአሳማ ጭንቅላት። ከመንጠቆው የቀረው ደም በክንዷ ላይ ወረደ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ከዚያ ማንም አልሳቀም። ዶን አብዶን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቢላ መሳል ጀመረ። ኤቬሊዮ ብቻ አንገቱን አስግጎ ቁጥሩን አነበበ።

«በቃ፣ ከዚህ የሚቀነስ አለ» አለ።

እኔ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሥጋ መብላት አቃተኝ። 

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ሰቀላት። ድንቹን ከሳህኗ አነሳ፣ ሩዙን አነሳ። ጠዋት ጠዋት ከልምምድ በፊት የምትጠጣውን ትኩስ የሸንኮራ ስኳር ውሃ እንኳ ከለከላት። እሷ ባዶ ሳህን ይዛ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች፤ እሱ ቋሊማውን ይውጣል፣ ጣቱን ይልሳል፣ «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው የኔ እናት» ይላታል። የማይረባ! ሰው እንዴት በልጁ ረሃብ ላይ ጣቱን ይልሳል?

አንድ ከሰዓት ዩርሌይ የኋላ ጎማዋን ላስተካክልላት ሱቄ መጣች። የሱፍ ካባዋን፣ ሩዋናዋን፣ ስታወልቅ ትከሻዋ ላይ ፀጉር አየሁ፣ በእፍኝ የሚዘገን የራሷን ፀጉር። አፏ ይሸታል፤ ባዶ የዋለ ሆድ ያለው የከረረ ሽታ። የአይብ ዳቦ ሰጠኋትና ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ቀና ስል፣ ዳቦውን አኝካ አኝካ ወረቀት ላይ ስትተፋው አየኋት።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ ልጅ?»

«ጣዕሙ ይበቃኛል አክስቴ።»

«ጣዕሙ ይበቃኛል? ይሄን ደግሞ ማን አስተማረሽ?»

 ዓይኗን ከሽቦዎቹ ሳታነሳ፣ «የወር አበባዬ ከቀረ ቆየ። አባዬ ስነግረው ጥሩ ነው ይላል፣ ቀለልሽ ማለት ነው ይላል» አለች።

የሽቦ ማጥበቂያ መፍቻዬን ጣልኩት። በዚያው ሽርጤን እንዳደረግኩ ኤቬሊዮ ቤት ሄድኩ። ወንበር ላይ ተዘርግቶ ያኝካል።

«ልጅቷን ልትገድላት ነው!» አልኩት።

«ጩኸትሽን ቀንሽ። አንድ ኪሎ በዳገት ላይ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ያንተን ሆድ መጀመሪያ ሰቅለህ መዝነው!»

«ዳገት የምወጣው እኔ ነኝ እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ የአሳማ ቆዳ ፍርፋሪ ከአፉ ዘሎ እጄ ላይ አረፈ። «ያንቺ ሥራ ጎማ ነው። ጎማሽን አስተካክይ።»

እጄን ቤቱ ደጃፍ ላይ ባለው ቧንቧ ታጠብኩ፣ ደግሜ ታጠብኩ፣ ቅባቱ አልለቅ አለኝ። ዩርሌይ ማታውን ደውላ «አክስቴ፣ እባክሽ ተዪው፣ እስከ ውድድሩ ብቻ ነው፣ ከተመረጥኩ እበላለሁ» ብላ ለመነችኝ። ምን ላድርግ? ከተመረጠች ከሱ ቤት ትወጣለች ብዬ ዋጥኩት።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ጭጋግ ነበር። ዳገቱ ሥር፣ ሾርባ ሻጮች ድስታቸውን ጥደዋል፣ ተወዳዳሪዎቹ እግራቸውን ያሻሻሉ። መነሻው አጠገብ አንዲት ዳኛ ድንኳን ተክላለች፤ ድንኳኑ ውስጥ ሚዛን ተንጠልጥሏል። ኤቬሊዮ ሲያየው የሚያኝከው ነገር አፉ ውስጥ ቀረ።

የዩርሌይ ተራ ደረሰ። ዳኛዋ ብስክሌቱን ሰቀለች፣ ቁጥሩን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች።

«አይፈቀድም። ከስድስት ኪሎ ከስምንት መቶ በታች ነው።»

«ቀላል መሆኑ ነው ጥፋቱ?» አለ ኤቬሊዮ። «በዚህ አገር ከዚህ የቀለለ የለም እኮ! ሊጨበጨብልን ሲገባ!»

«ጌታዬ፣ ከልክ በላይ የቀለለ ነገር ይሰበራል። ልጅቷ ቁልቁለት ላይ ትሞትብዎታለች። ሕጉ የወጣው ለሷ ደኅንነት ነው። ከመነሻው በፊት ክብደት ጨምረው ይምጡ።»

ለሷ ደኅንነት! አላስቻለኝም። ዩርሌይን ክንዷን ይዤ ወደ ፊት አመጣኋት። ክንዷ እኔ ከማስራቸው ሽቦዎች አይሻልም ነበር።

«ለብስክሌቱስ እሺ» አልኩ። «ለዚችስ ዝቅተኛው ስንት ነው? እሷንም ይስቀሏትና ይዩ!»

ዳኛዋ ዩርሌይን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ፊቷ ተለወጠ። «ለሰው ሕግ የለንም እመቤቴ» አለች ቀስ ብላ።

ዩርሌይ ሰማች። የተሰቀለውን ብስክሌት አየች፣ የራሷን ክንድ አየች። አላለቀሰችም።

ኤቬሊዮ ግን እሷን አላያትም። ብስክሌቱን አውርዶ መሮጥ ጀመረ። ዕድሜ ልኩን ሮጦ የማያውቅ ሰው! ዓሣ አጥማጅ ያለበትን ጠይቆ የመረብ ማክበጃ እርሳስ ለመነ፣ ከጋራዥ አሮጌ ሰንሰለት አመጣ፣ የመቀመጫውን ቧንቧ ከፍቶ ብሎን ሞላበት። ላቡን እያንጠባጠበ ወደኔ መጣ።

«ሜዳሊያዋ! ያቺ ሜዳሊያ አንቺ ጋ ናት አይደል? ትንሽ ነው የጎደለን፣ አምጫት!»

አየሁት። ያቺን ድንግል ሸክም ናት ያለ አፍ ነው አሁን አምጫት የሚለኝ። ምራቄን መሬት ላይ ተፋሁ። ከመሀረቤ ፈታሁና በሱ እጅ ላይ ሳይሆን በዩርሌይ አንገት ላይ አሰርኳት። «እንካ፣ እርምህን!» ብዬ የብረት መፍቻዬን ከኪሴ አውጥቼ ወረወርኩለት። ያንኑ ለቅሞ ሮጠ፤ ከመቀመጫው ሥር በሽቦ አሰረው።

ዩርሌይ ዘወር አለችና ወደ ሾርባ ሻጮቹ ሄደች። ተከተልኳት። አንዷ ሻጭ ጋ አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና ቻንጓ አዘዘች፤ ትኩስ ወተት፣ ውስጡ እንቁላል፣ ውስጡ ዳቦ።

«ውድድሩስ የኔ ልጅ?» አልኳት።

«እጄ መሪ አይዝም አክስቴ። ተመልከቺ።» ማንኪያው ሳህኑን ቀጭ ቀጭ ያደርገው ነበር፣ እንዲያ ትንቀጠቀጣለች። «ለብስክሌቱ ይጨምሩለታል። ለኔ ማን ይጨምርልኛል?»

 የመጀመሪያውን ማንኪያ አፏ ውስጥ ይዛ ቆየች። ትተፋዋለች ብዬ ፈራሁ። ዋጠችው። ከዚያ ሌላ ዋጠች። ቀና ሳትል በላች።

ፊሽካው ተነፋ። ሴቶቹ ወጡ፣ ሰው ጮኸ፣ የሰንሰለቱ ድምፅ ወደ ጭጋጉ ገብቶ ጠፋ። ባዶው መነሻ መስመር ላይ ወንድሜ ብቻ ቀረ፣ ብስክሌቱን በመሪው ይዞ። «ልክ ገባ! ስድስት ስምንት መቶ! ድፍን!» እያለ ይጮሃል። ልጁ አጠገቡ አለመኖሯን ያወቀው ያኔ ነው። ግራ ቀኙን አየ። አግዳሚው ላይ አገኛትና ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። ፊታችን ቆመ። ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ፣ ያለቅሳል ብዬም ጠበቅሁ። ሳህኗን እያየ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ ሰማሁት፤ ዳቦው ስንት ግራም እንደሆነ እየገመተ ነበር።

ዩርሌይም ሰማችው። የቀረውን ዳቦ በሙሉ አፏ ውስጥ አስገባች፣ ዓይኑን እያየች አኝካ ዋጠችው፣ ሳህኑን ወደ ሾርባ ሻጯ ዘረጋችና «ይድገሙኝ» አለች።