በአብዱባ ባጃጅ ውስጥ የነበረችው ሥዕል

ጉያቱ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የነገሌ ቦረናን ባጃጆች ልታጠና መጣች ሲባል ብዙ ሰው አላመነም። ትምህርቷ ደግሞ የሃይማኖት ጥናት ነበር። እናቷ ሶሬቲ ለጎረቤት ሲያስረዱ፣ ልጄ ሃይማኖት ትማራለች ይላሉ፤ ጎረቤትም የትኛውን ብሎ ይጠይቃል፤ ሁሉንም ሲሉት ግራ ይገባዋል።

ሐሳቡ የመጣላት አማካሪዋ ዶክተር ልዑልቃል ሲያስተምሩ ነው። ሃይማኖትን በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ብቻ አትፈልጉት ይሉ ነበር፤ ሰው ስልኩ ላይ የሚያስጮኸውን፣ ሱቁ በር ላይ የሚጽፈውን፣ መኪናው ላይ የሚለጥፈውንም እዩ። ጉያቱ ይህን ስትሰማ ወዲያው የታያት ያደገችበት የነገሌ ዋና መንገድ ነው። አንዱ ባጃጅ «ማሻአላህ» ይላል፤ የሚከተለው «ኢየሱስ ጌታ ነው»፤ ሌላው የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል ከአንድ የእንግሊዝ ቡድን አርማ ጋር ጎን ለጎን ለጥፎ ያልፋል።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ደብተርና ካሜራ ይዛ ሥራዋን ጀመረች። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ላይ ከመንግሥት ተልካ የመጣች መሰለቻቸውና ሸሿት። ደፍሮ ያናገራት አብዱባ ነው። አርባ ዓመት የሚሆነው ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ስትማር ትምህርት ቤት የሚያደርሳት እሱ ስለነበር እስከዛሬ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ እያለች ነው የምትጠራው።

የአብዱባ ባጃጅ የፊት መስታወት ላይ «ማሻአላህ» የሚል ስቲከር አለ። ከውስጥ፣ ከመስታወቱ በላይ፣ ልጇን ያቀፈች የማርያም ሥዕል ተለጥፋለች። እሱ ሙስሊም ነው፤ አርብ አርብ ባጃጁን ከመስጊዱ አጥር ሥር አቁሞ ይሰግዳል። ጉያቱ ፎቶ ላንሳ ወይ አለችው፤ ፈቀደላት። ሥዕሏን አይቶ የሚከፋ ተሳፋሪ እንዳለ ስትጠይቀው፣ ማንም ምንም ብሎት እንደማያውቅ፣ በከተማው ጦር ካምፕ የሚኖሩ የወታደር ቤተሰቦች እንዲያውም ደስ እንደሚላቸው ነገራት። ይህንኑ ጽፋ፣ አመስግናው ሄደች።

ዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ከዚህች አጭር ወሬ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አወጣች። አብዱባን «መረጃ ሰጪ 14» አለችው። ሾፌሩ የሁለት እምነት ምልክት የያዘው ከሁለቱም ወገን ተሳፋሪ ለመሳብ ነው ብላ ጻፈች፤ ዓረፍተ ነገሩ ያማረ መሰላት። በትምህርት ክፍሉ ሴሚናር ላይም ፎቶውን ስክሪን ላይ አድርጋ አቀረበችው። ስሙን ደብቃለች፤ የባጃጁ ታርጋ ግን ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። አላስተዋለችም። ከታዳሚው አንዱ ስክሪኑን በስልኩ አነሳና «ለገበያ ሲል ሁለት ሃይማኖት የያዘ ባጃጅ» ብሎ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው።

በሦስተኛው ቀን እናቷ ደወሉላት። ፎቶው ነገሌ ደርሷል። መስጊዱ በር ላይ አንድ ወጣት ሾፌር ለሥዕል ትሰግዳለህ ወይ ብሎ አብዱባን በሰው ፊት አሳፍሮታል፤ ከካምፑ በኩል ደግሞ በእመቤታችን ይነግዳል የሚሉ ተነስተዋል። አብዱባም ሥዕሏን ራሱ አንስቶ ለወይዘሮ ብርቱካን ወስዶ ሰጥቷል።

ጉያቱ ወይዘሮ ብርቱካን ማን እንደሆኑ ጠየቀች። እናቷ ገረማቸው።

«የሥዕሏ ባለቤት ናቸዋ። ይህን ሳታውቂ ነው እንዴ የጻፍሽው?»

ጉያቱ ያን ቀን ምግብ አልበላችም። ለዶክተር ልዑልቃል ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸው አልተቆጡም፤ ታርጋውን እኔም ማየት ነበረብኝ አሉና ምን ልታደርግ እንዳሰበች ጠየቋት። በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረች።

አብዱባን ያገኘችው ባጃጅ ተራው ላይ ነው። አካም ጅርታ ብላ ሰላምታ ሰጠችው፤ ናጋ፣ ደህና፣ ብሎ መለሰላት። ቆማ ይቅርታ ጠየቀችው፤ ታርጋውን አለመሸፈኗ የራሷ ጥፋት እንደሆነ ነገረችው። ባጃጁ ውስጥ ግቢ አላት፤ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ካምፑ ሰፈር ነዳ። ሥዕሏ የነበረችበት ቦታ ላይ የሙጫው ምልክት ብቻ ቀርቷል።

መንገድ ላይ ቀስ እያለ አወራት። ባጃጁ የሃምሳ አለቃ ወልደየሱስ ነበር። ከሰሜን መጥተው፣ ነገሌ ጦር ውስጥ አገልግለው፣ በጡረታ ሲወጡ እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። አብዱባ በድርቅ ከብቶቹ አልቀውበት ወደ ከተማ ሲገባ እንኳን መንዳት አማርኛም አይችልም ነበር። ሁለቱንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ እሱም በተራው ኦሮምኛቸውን ያርምላቸዋል። ሥዕሏን የለጠፏት ባጃጁ ገና አዲስ እያለ ነው። አብዱባ ያገባ ሳምንት ደግሞ ሃምሳ አለቃው ከገበያ «ማሻአላህ» የሚለውን ገዝተው መጡ፤ ያንተ ወገን ባዶውን መቅረት የለበትም ብለው በገዛ እጃቸው መስታወቱ ላይ ለጠፉት። ሲሞቱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቱካን ባጃጁን በአብዱባ ስም አዞሩለት። እሱም የሟቹን እጅ ሥራ አልነካም፤ የተወው እንዲሁ ነው።

ባጃጁን አቆመና ዞር ብሎ አያት።

«አንቺ ምን እንደተለጠፈ ነው የጠየቅሽኝ» አላት። «ማን እንደለጠፈው አልጠየቅሽኝም።»

«አልጠየቅኩም፣ ኦቦሌሳ» አለችው። «የገባኝ መስሎኝ ነበር።»

ወይዘሮ ብርቱካንን ግቢያቸው ውስጥ ከኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኟቸው። ሥዕሏ በክፍት በሩ በኩል ትታያለች፤ ከባለቤታቸው የደንብ ልብስ ፎቶ አጠገብ ሰቅለዋታል። ጉያቱ ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። እሳቸውን የፌስቡኩ ነገር ብዙም አልገረማቸውም፤ ያስከፋቸው አብዱባ የተዋሰውን ዕቃ እንደሚመልስ ሰው ሥዕሏን ይዞ በር ላይ መቆሙ ነበር። ቤቱ የሱም ነው አሉ። ከዚያ ሻይ አስቀረቡና፣ የጻፍሽውን አንብቢልኝ አሏት።

ጉያቱ ምዕራፉን ከቦርሳዋ አውጥታ አነበበች። ያኔ ያማረ የመሰላትንም ዓረፍተ ነገር ሳትዘል አነበበችው። ወይዘሮ ብርቱካን እስክትጨርስ ጠበቋት።

«ልጄ፣ ይኼን ለሾፌሮቹም አንብቢላቸው» አሉ። «ከዚያ እውነቱን አንቺው ንገሪያቸው። እኔም አብሬሽ እመጣለሁ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ባጃጅ ተራው ሄዱ። ለወይዘሮ ብርቱካን ወንበር ወጣላቸው፤ ሃያ የሚሆኑ ሾፌሮች ዛፍ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ጉያቱ በአማርኛ አነበበች፤ በኦሮምኛ ደገመችው። ከዚያ የት ላይ እንደተሳሳተች ነገረቻቸው፤ የሃምሳ አለቃውንና የአብዱባን ታሪክም፣ አብዱባንና ወይዘሮ ብርቱካንን አስፈቅዳ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከችላቸው። መስጊዱ በር ላይ አብዱባን ያሳፈረው ወጣት ከኋላ ቆሞ ነበር። ወደ ፊት መጣና አብዱባን ትከሻ ለትከሻ ሳመው። አብዱባም ሳመው።

ከዚያ በኋላ ያልጠበቀችው ሆነ። ሾፌሮቹ ሳትጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ። አንዱ መስቀሉን የለጠፈችለት ሞያሌ ያለችው እህቱ ናት። የሌላው «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚለው ጽሑፍ ባጃጁን ሲገዛ አብሮ የመጣ ነው፤ እሱ በአባቶቹ በዋቄፈና ሥርዓት ያምናል፣ ግን የፈጣሪን ስም መፋቅ ከበደው። ዲንኪቱ የምትባለው ብቸኛዋ ሴት ሾፌር የዘፋኝ ፎቶ ስር የለጠፈችው ጸሎት በያቤሎ ከታመመች ጓደኛዋ የመጣ መሆኑን ነገረቻት። ጉያቱ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ጻፈች።

ምዕራፉን እንደ አዲስ ሠራችው። ስቲከር የባለ ባጃጁን እምነት ብቻ ሳይሆን ማን ለማን እንዳሰበም ይናገራል የሚል ሆነ። ፎቶዎቹን ሁሉ አወጣቻቸው። አብዱባንም ታሪኩ ያለ ስሙ ይግባ ወይስ ይቅር ብላ ጠየቀችው።

«ስሜን ጻፊው» አላት። «ፎቶው ሲዞር ስም ስላልነበረኝ ሁሉም የፈለገውን ስም ሰጠኝ። ስሜንና ያልኩትን አንድ ላይ ጻፊው።»

ዶክተር ልዑልቃል ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን አሉ፤ አብዱባ ፈረመ። ሰኔ ላይ ጽሑፏን ስትከላከል አንደኛው ፈታኝ ይህ ምዕራፍ ከመጀመሪያው ረቂቅ ያነሰ ነገር እንደሚል፣ ግን የሚለውን እንደሚያውቅ ተናገሩ። አለፈች። ነገሌ አቅራቢያ ያለ አንድ ኮሌጅም እንድታስተምር ጠራት።

የታሰረውን ጥራዝ ለወይዘሮ ብርቱካን ያመጣችው በእሑድ ቀን ነው። አብዱባ ከቤተ ክርስቲያን መልሷቸው ገና መግባታቸው ነበር። ሥዕሏ እዚያው ከባለቤታቸው ፎቶ አጠገብ ናት፤ ዓይናቸው እንደለመዳት ነግረውት፣ እሱም ተስማምቷል። ወይዘሮ ብርቱካን መነጽራቸውን አድርገው የአብዱባ ታሪክ ያለበትን ገጽ ጮክ ብለው አነበቡት። ሃምሳ አለቃው ስቲከሩን የለጠፉበት ቦታ ላይ ሲደርሱ አብዱባ አስቆማቸው።

«ሐሙስ ነው የሚለው? ቅዳሜ ነበር።»

«ሐሙስ ነው» አሉ ወይዘሮ ብርቱካን። «ገበያ የሄድነው አብረን ነው።»

ሁለቱ እየተከራከሩና እየሳቁ የዚያን ሳምንት ነገር አንድ በአንድ ማንሳት ያዙ፤ የሠርጉን፣ የዝናቡን፣ ሃምሳ አለቃው የለበሱትን ጃኬት። ጉያቱ ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና እስክሪብቶዋን አወጣች።