የሉቃስ ጣት

«ዝጊው ብዬሻለሁ!» አሉ አክስቷ እትዬ በለጡ። ሹክሹክታቸው ከጩኸት ይከብዳል። «ትናንት ቀብረሽው ዛሬ ኮምፒውተር? ሰው ምን ይላል?»

ቤዛ ቀና አላለችም። ፍራሹ ጥግ ላይ ላፕቶፑን በነጠላዋ ጋርዳ ተቀምጣለች። ላፕቶፑ የወንድሟ የኒቆዲሞስ ነው፤ ባጃጅ ተገልብጦበት ሲያነሱት እንኳ ቦርሳውን እንዳቀፈ ነበር። የጳጉሜ ዝናብ የልቅሶውን ድንኳን ይደበድባል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ባትሪው እየቀላ ነው።

«የእኔ ሥራ አይደለም እትዬ። የእሱ ነው።»

ነገሩን ያመጣችው ሰሚራ ናት፤ ከኤረር በር ውጭ ባለው ጤና ጣቢያ ክትባት የምትሰጠው ነርስ። «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ብላ ከጎኗ ተቀመጠች፤ ትንሽ ቆይታ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ቤዛዬ፣ አሁን የሚወራ አልነበረም። ግን ነገ ጠዋት አሮጌው የሕፃናት መዝገብ ሲስተም ይዘጋል። አዲሱ ደግሞ ጳጉሜ የተወለዱትን ልጆች አይቀበልም። የልደት ቀን ከሌላቸው ለክትባት የሚጠራቸው የለም። የገጠር እናቶች ካልተደወለላቸው አይመጡም። ኒቆ እጨርሰዋለሁ ብሎኝ ነበር፣ ወላሂ።»

አልጨረሰውም። ፕሮግራሙና ዳታቤዙ የሚነጋገሩት በአንድ ላይብረሪ በኩል ነው፤ በመሀል እንደተቀመጠ አስተርጓሚ። የውጭ ሰዎች ስለሠሩት ዓመት ማለት ለእሱ አሥራ ሁለት ወር ነው። ኒቆዲሞስ ጳጉሜን ጨምሮ የኛን ቀን የሚይዝ አዲስ የሰንጠረዥ ዓምድ ዓይነት እየጨመረለት ነበር። ማስገቢያውን ጽፏል። መልሶ ማውጫው ባዶ ነው።

ሰኔ ላይ ተጨቃጭቀውበታል፤ ቤዛም ሙያዋ ይኸው ነው።

«እንደ ተራ ጽሑፍ አስቀምጠውና ተገላገል!»

«ጽሑፍ ማን እንደሚቀድም ማን እንደሚከተል አያውቅም። ሕፃኑ ስንት ሳምንቱ ነው ብትዪው ምን ይልሻል?»

«ግትር!»

«እስቲ አንቺ ጳጉሜ ስድስት ተወለጂና እዪው» ብሎ ሳቀ።

የተወለደው በአራት ዓመት አንዴ በምትመጣዋ በዚያች ቀን ነበር። ትምህርት ቤት ሲመዘግቡት ያስቸግራል ብለው መስከረም አንድ አደረጉት፤ ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ሁሉ እንደዚያው ቀረ። ዛሬ ጠዋት የመቃብሩን መስቀል የሚጽፈው ሰውዬ ሲጠይቅም፣ መታወቂያውን አይተው መስከረም አንድ አሉት።

«ልቧ ድንጋይ ነው እንዴ?» አለች አንዲት ለቀስተኛ።

«ተያት፣ ሐዘን ያደርጋል።»

ቤዛ ሰማች። ጣቶቿ አልቆሙም። ማውጫውን ጽፋ ጨረሰችና ኒቆዲሞስ መሞከሪያ ብሎ ያስቀመጠውን ስም ጠራች። የራሱ ስም ነበር። ጳጉሜ ስድስት ገባ። መስከረም አንድ ሆኖ ወጣ።

አንቺም? ያላት መሰላት።

እትዬ በለጡ ላፕቶፑን ሊቀሟት እጃቸውን ዘረጉ፤ ስክሪኑ ላይ ዓይናቸው ወደቀ።

«ምነው መስከረም ይላል? እኔ አይደለሁ እንዴ የተቀበልኩት! ሉቃስ ሲወጣ፣ ዮሐንስ ሊገባ፣ በእነዚህ እጆቼ!»

ቤዛ ቀና አለች። ስድስተኛዋን ቀን በፈረንጆቹ ስሌት ለአራት ሲካፈል ምንም ለማይተርፈው ዓመት ሰጥታለች፤ ለዮሐንስ። ስድስተኛዋ ቀን ያለችበት የሉቃስ ዓመት ግን ሦስት ይተርፈዋል። አባታቸው ከቅዳሴ ሲመለሱ ዘመኑን በጣታቸው ያስቆጥሯቸው ነበር፤ ኒቆዲሞስ ሁልጊዜ ሦስተኛዋን ጣት ይዞ «ይቺ የኔ ናት» ይል ነበር።

አንዲት መስመር አረመች። ባትሪው ሊያልቅ ነው። ጳጉሜ ስድስት ገባ። ጳጉሜ ስድስት ወጣ።

በሰሚራ ስልክ ኢንተርኔት ወደ ጤና ጣቢያው ላከችው። ሰሚራ መድረሱን አይታ አፏን በሻሿ ሸፈነች። «ያ ረቢ!»

ስክሪኑ ጠፋ።

«ያን የመስቀል ጸሐፊ ጥሩልኝ» አሉ እትዬ በለጡ ወደ በሩ። ከዚያ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብለው የቤዛን እጅ ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ማቴዎስ» አሉ፣ አንድ ጣቷን አጠፉ። «ማርቆስ።» ሌላዋን አጠፉ። «ሉቃስ።»

ሦስተኛዋን ጣት እንደያዙ ቀሩ። ዮሐንስን አልጠሩትም።