ፈርተናል ያልን ቀን

የማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ የደረሰን የመጀመሪያው በረዶ የተራራውን ጫፍ ነጭ ባደረገው ሳምንት ነው። የሃልዲስ ሱቅ ውስጥ ዳቦዬን በብብቴ ይዤ ቆሜ አነበብኩት። የቲንደቪክ ትምህርት ቤት ሰባት ተማሪዎች ብቻ ስላሉት ከገና በኋላ ይዘጋል፤ ልጆቹ በየቀኑ በአውቶቡስ ከተማ ሄደው ይማራሉ ይላል። ከሥሩ አንዲት መስመር ነበረች፦ «የአካባቢው ነዋሪዎች መንገዱ በበረዶ ወራትም አስተማማኝ እንደሆነ ገልጸዋል።»

«የትኛው ነዋሪ ነው የገለጸው?» አልኩ ጮክ ብዬ።

ሃልዲስ ከመደርደሪያው ጀርባ ቀና አለች። «እንዳትጮኺብኝ እንጂ፣ አማትሽ ነው።»

እኔ ነገር ከመምጣቱ በፊት የምፈራ ሰው ነኝ። ባሌ ቶርጌር ወደ ዓሣ እርባታው ሲሄድ ጀልባው ይገለበጣል እላለሁ። ልጄ ቲሪል ስታስነጥስ የሳንባ ምች ያዛት እላለሁ። መንደሩ «የአየር ትንበያዋ» ብሎ ስም አውጥቶልኛል፤ ይበለኝ። ያንን መንገድ ለመፍራት ግን ሐሳብ መፍጠር አያስፈልግም። በተራራውና በገደሎች መሐል ገብቶ በተኛው ባሕር፣ በፊዮርዱ፣ መሐል እንደ መደርደሪያ የተቆረጠ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከበላዩ ሦስት ገደሎች አሉ፤ በየዓመቱ በረዶ የሚናድባቸው። አባቶቻችን ስም ሰጥተዋቸዋል፦ ሽማግሌው፣ ወፍራሟና ዘገምተኛው። እንደ ጎረቤት ነው የምንጠራቸው። «ሽማግሌው ወርዷል» ከተባለ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ማንም አይደነግጥም፤ በጀልባ እንሄዳለን ወይም እንቀመጣለን። ቲሪል ሰባት ዓመቷ ነው። በሦስቱም ሥር በቀን ሁለት ጊዜ ልታልፍ ነው።

በቀጥታ አማቴ አንፊን ጋ ሄድኩ። የጀልባ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል።

«አባባ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ በበጋ መጥቶ ምን ብሎ ጠየቀህ?»

«ቬጋርድ? ደህና ልጅ ነው። መንገዱ በበረዶ ጊዜ እንዴት ነው አለኝ።»

«አንተስ?»

«አይከፋም አልኩት።»

«አይከፋም?!»

«ትንሽ ትንሽ ይወርዳል እንጂ፣ ብዬዋለሁ።»

«አምና እኮ ሽማግሌው የበረዶ መጥረጊያ መኪናውን ከነሾፌሩ ፊዮርድ ውስጥ ነው የጨመረው!»

«ዋኝቶ ወጣ አይደል?» አለና መርፌውን በጥርሱ ያዘ።

ምን ይባላል? እዚህ አገር ማማረር ነውር ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው «ትንሽ ይቆረጥመኛል» ይልሃል። ቤቱ የተቃጠለበት «ትንሽ ሞቀን» ይላል። እኛ እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን፤ ስንት ጨምረን እንደምንሰማ እናውቃለን። ቬጋርድ ግን ተራራ ከሌለበት ከምሥራቅ የመጣ ነው፤ የነገሩትን እንዳለ ጻፈ። በእሱ አልፈረድኩም። የተናደድኩት በእኛ ነው። ልጆቻችንን በጨዋነታችን ልንቀብራቸው ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱ ቅዳሜ ቀትር ላይ በመንደሩ አዳራሽ ስብሰባ ጠራ። አዳራሹን የሠሩት አባቶቻችን በደቦ ነው፤ አንዱ ሳንቃ፣ አንዱ ምስማር፣ አንዱ ጉልበት አዋጥቶ። ሃልዲስ ዋፍል የምንለውን ጣፋጭ ቂጣ ጋግራ ቡናማ አይብ ቆርጣ አመጣች፤ ሊቀብረን የመጣ እንግዳም ቢሆን ዋፍል ይበላል። ቬጋርድ ካርታውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ግማሽ ሰዓት አወራ። ሲጨርስ «ጥያቄ አለ?» አለ።

ሠላሳ አራት ሰው ዋፍሉን ያያል።

«እንግዲህ ተስማምተናል ማለት ነው» አለና ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ።

ተነሣሁ። የፊቴን ወንበር መደገፊያ ያዝኩ።

«ጥያቄ አለኝ። የምጠይቀው ግን አንተን አይደለም።» ወደ አማቴ ዞርኩ። «አባባ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሦስት ምን ሆነ?»

«ጉንቮር፣ ተይ አሁን…»

«ምን ሆነ?»

«ትንሽ ወረደ።»

«ምን ላይ?»

«በረት ላይ።»

«የማን በረት?»

«የኛ።»

«ውስጡ ምን ነበር?»

«ላም ነዋ! በረት ውስጥ ምን ሊኖር ኖሯል፣ ፒያኖ?»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

«ስንት ላም?»

«አሥራ አንድ።»

«ስንቷ ወጣች?»

ፊንጃሉን በእጁ አዞረው። «አንዷ» አለ። «እሷም ትንሽ ታነክስ ነበር።»

ሳቁ ቆመ። ቬጋርድ ወረቀቱን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ቀጥሎ ማንን እንደምጠይቅ ሳስብ ሃልዲስ ራሷ ከዋፍሉ ብረት አጠገብ ተናገረች። ድምፅዋ ሱቋ ውስጥ «ዕቃው አልቋል» ስትል እንደሚሆነው ነበር። «ያን ቀን ጠዋት ወንድሜ መንገዱ ላይ ነበር።»

«ተገኘ?» አለ ቬጋርድ።

«አዎ። በረዶው ሲቀልጥ። በግንቦት።»

ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ከሷ ዳቦ ስገዛ ይህን ነገር ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። መንደሩ ያውቃል፤ የሚያወራው የለም።

ቬጋርድ ፊቱ ቀልቶ ነበር። «እኔ እኮ ጠይቄያችኋለሁ። ለምን አልነገራችሁኝም?»

«መንገዱ እንዴት ነው አልከኝ» አለ አንፊን። «መንገዱማ ጥሩ ነው። በሚኖርበት ቀን።»

«አባባ» አልኩት፣ «አንድ ነገር ብቻ በል። እፈራለሁ በል።»

አዳራሹ ውስጥ ወንበር ተንቋቋ። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አርባውን በባሕር ላይ ኖሯል። በማዕበል ሁለት ጣቱን ሲያጣ «ስምንቱ ይበቃኛል» ያለ ሰው ነው።

«እኔ አልፈራም» አለ።

«ለራስህ አይደለም። ቲሪል አውቶቡሱ ውስጥ ብትሆን፣ በሽማግሌው ሥር፣ በየካቲት?»

ሁላችንም ዓይናችንን ከሱ ላይ አነሣን፤ እንዲህ ያለ ጊዜ ሰውን ማየት ደግ አይደለም። ከዚያ ባርኔጣውን ከጭኑ ላይ አንሥቶ ቆመ።

«እንግዲያው ጻፍ» አለው ለቬጋርድ። «አንፊን ፈርቷል ብለህ ጻፍ። ያኛውን ሰርዘው። አይከፋም ያልኩት ውሸት ነው፤ ይከፋል። በደንብ አድርገህ ጻፈው፣ አንብበህም አሰማኝ።»

ቬጋርድ ጻፈ፤ አነበበለትም። «እኔንም ጻፈኝ» አለች ሃልዲስ። ቶርጌር እጁን አወጣ፤ የኔ ባል፣ ሲያመው እንኳ ለሐኪሙ «ደህና ነኝ» የሚለው። ከዚያ ሁሉም። አንድ በአንድ እየተነሡ፣ ስማቸውን እየተናገሩ፣ ፈርተናል አሉ። ሰው ሲፈራ ድምፁ ይቀንሳል ይባላል። የዚያን ቀን የኛ ጨመረ። አንዳንዱ እየተቆጣ ነበር የሚናገረው፤ ቬጋርድ ምስኪን እስኪመስል ድረስ።

ቬጋርድ ዝርዝሩን ይዞ በጀልባ ተመለሰ። በሐቅ ለምክር ቤቱ አቀረበው፤ ይህን አልክድበትም። ምክር ቤቱ ግን በሁለት ድምፅ ብልጫ ይዘጋ አለ። «ስሜት መለኪያ አይሆንም» አለ አንዱ፤ ጋዜጣው ላይ ወጣ። የገና ዕረፍት ሲጀምር ትምህርት ቤታችን ተቆለፈ፤ አስተማሪውም ወደ ከተማ ተዛወረ።

ከሰው ሁሉ ቀድሜ እንዲህ እንደሚሆን የገመትኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሕጉን ቀድሜ አንብቤ ነበር። የሚፈራ ሰው ያነባል። ወላጅ ልጁን ቤቱ ማስተማር ከፈለገ ለማዘጋጃ ቤቱ ያሳውቃል፣ ያስተምራል፤ ፈቃድ አይለምንም። ሰባቱን ደብዳቤ የኔ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጻፍናቸው። ሰባቱ ቤቶች አንድ ላይ፣ አንድ ጣራ ሥር፣ በመንደሩ አዳራሽ እንዳይቀመጡ የሚከለክል መስመር ፈልጌ አጣሁ። አዳራሹን ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ አይቆልፈውም፤ አንድ ምስማሩ እንኳ የሱ አይደለም።

«ማን ነው የሚያስተምረው?» አለ ቶርጌር።

«እኔ። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ፤ ሒሳብ ላይ ጥሩ ነበርኩ። ሃልዲስ ከሰዓት ንባብ ትይዛለች። አባባ የባሕር ካርታ ማንበብና ገመድ መቋጠር።»

«ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«ልጆቹ ፈተና ቢወድቁስ? ተቆጣጣሪ መጥቶ ልጆቹን አበላሽታለች ቢልስ? ልጅ ከወላጅ የሚወስደውን የልጆች ጥበቃ ቢሮ ቢጠሩብንስ? ምድጃው ቢፈነዳስ?»

«ከአውቶቡሱ ግን ይሻላል?»

«ይሻላል።»

«እንግዲያው ፍሪ» አለኝ። «እየፈራሽ አስተምሪ።»

ትምህርት በሚከፈትበት ሰኞ አውቶቡሱ መጣ። እኛ ትልልቆቹ ማቆሚያው ላይ ቆመን ጠበቅነው፣ በረዶ እየጣለብን፣ ሰባት ወላጆችና አንፊን። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ በሩን ከፍቶ ከኋላችን ልጆች ፈለገ።

«ልጆቹስ?»

«ክፍል ገብተዋል» አለ አንፊን።

«የት?»

አንፊን ጭስ ወደሚወጣበት አዳራሽ በአገጩ አሳየው። «ቤታቸው።»

«የሁሉም ቤት ያ ነው?»

«ተዋልደናል።»

ሾፌሩ ሳቅ ሊለው ነበር፤ ተወው። «ነገም ና ብለውኛል እኮ። በየቀኑ መምጣት አለብኝ።»

«ና» አልኩት። «እኛም በየቀኑ እንቆማለን። አንድም ልጅ ግን አይሳፈርም፤ ለላኩህ እንዲሁ ንገራቸው። ትንሽ ቅር ብሏቸዋል እንዳትል። አንሳፈርም አሉ በል።»

ዓይኑ ወደ ገደሉ ሄደ። ላዩ ላይ አዲስ በረዶ እንደ ቅንድብ ተንጠልጥሎ ነበር። የእናቱ ሐዘን ይታየኝ ጀመር፤ ምን ላድርግ፣ እንዲህ ነው የተፈጠርኩት። «ስትመለስ ሥሩ አትቁም» አልኩት። «ስልክ ቢጠራህም አትቁም።» ራሱን ነቅንቆ በሩን ዘጋ። ባዶው አውቶቡስ ዞሮ ሄደ፤ ሁለተኛው ጥምዝ ጋ እስኪሰወር ጠብቄ ትንፋሼን ለቀቅኩ።

አዳራሽ ስገባ ቲሪል ከፊተኛው ወንበር ጠራችኝ። «እማዬ…»

«እጅሽን አውጪ።»

እጇን አወጣች። «እማዬ፣ አስተማሪ መሆንሽ ነው?»

«አዎ።»

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል።»

«አውቃለሁ» አልኩና ጠመኔውን አነሣሁ። «ማባዛት። ሰባት ጊዜ ስምንት?»

በፀደይ ተቆጣጣሪ ይመጣል ተብለናል። ሌሊት ሌሊት እያሰብኩት ነው፤ ምን እንደሚጠይቅ፣ የትኛው ልጅ እንደሚደናገር ከወዲሁ አውቃለሁ። ይምጣ። ሰባቱም ልጆች በሕይወት ተቀምጠው ያገኛቸዋል።