የሩቅ ዘመድ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ብዬ ነው።

ወንድማችን ዲሪርሳ ጫካ በገባ በሁለተኛው ዓመት ሞተ። ሬሳውን አላየነውም፤ መርዶውን ያደረሰን ከጫንጮ የመጣ ጓደኛው ነው። ታናሽ እህቴ ሊቤ በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከቡራዩ ሱሉልታ ቤቴ ድረስ መጣች።

"እታለም፣ ድንኳን እናስተክል።"

የእድሩ አባል እኔ ነኝ። በእድራችን ደንብ ወንድም ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሰፈሩ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ለሩቅ ዘመድ ግን ምንም የለም።

"ጎረቤቴ መገርሳ ጫካ ለሞተ ልጁ ድንኳን ተክሎ ሁለት ወር ታስሮ የለም እንዴ?" አልኳት። "እኔ ብታሰር እነዚህን ሦስት ልጆች ማን ያበላልኛል? አባታቸው እንደሆነ አፈር ለብሷል።"

"አባታቸው የሞተ ጊዜ ድንኳኑን በእጁ የተከለው ማን ነበር?"

ነጠላዬን ደረብኩ። አብረን ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ኦቦ ጎበና ሄድን። ኦቦ ጎበና ዲሪርሳን ከልጅነቱ ያውቁታል፤ ደንቡ ግን አባሉ ራሱ ይናገር ይላል።

"ገለቴ፣ ከአፍሽ ልስማው። የሞተብሽ ማን ነው?"

ደጃፉ ላይ የማላውቀው ሰው ቆሞ ስልኩን ይነካካል። ኋላ እንደሰማሁት የበግ ነጋዴ ኖሯል። ያኔ ግን ጆሮ ጠቢ መሰለኝ።

"የሩቅ ዘመድ ነው" አልኩ።

ኦቦ ጎበና አንገታቸውን ደፉ። "እንግዲያው ነፍስ ይማር" አሉኝ። ሊቤ ቀጥ ብላ ወደ ታክሲ ተራው ሄደች።

ቡራዩ በተከራየችው አንድ ክፍል ውስጥ ለቅሶ ተቀመጠች። ዲሪርሳን አይተውት የማያውቁ ጎረቤቶቿ፣ እነሰልማን፣ እነሶፊ፣ ሸራ ወጥረው ሦስት ቀን አብረዋት ዋሉ። እኔ ሬድዮኑን ጮክ አድርጌ ከፍቼ ጓዳ ውስጥ አለቀስኩ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እናቴ ብትኖር ግን ታፍርብኝ ነበር።

በአርባው ዳቦ ደፍቼ ቡራዩ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ አከራይዋ ወይዘሮ ውባንቺ ናቸው።

"ማን ልበል?" አሉኝ።

አፌን ሳልከፍት ሊቤ ከውስጥ አየችኝ። ከስታለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

"ያስገቧት እትዬ ውባንቺ፤ የሩቅ ዘመድ ናት።"

ሴትዮዋ ዳቦዬን ተቀብለው፣ መርቀው፣ ከእንግዶች ጋር አስቀመጡኝ። ሊቤ እጄን አስታጠበችኝ፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት "ሟቹን ታውቂው ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

እዚያ ቤት ውስጥ የሚያስረኝ ሰው አልነበረም። እህቱ ነኝ ማለት አሁንም አቃተኝ።