ያልተፈታው ሻርፕ

አጀንዳ አንድ ብቻውን አንድ ሰዓት ከሩብ በላ። ነገሩ ከሌላ ሰፈር የመጣ ልጅ በዚህ ሰፈር የስካውት ቡድን አባል ይሁን አይሁን የሚል ነበር። ልጁ አንድ ነው፤ ዕድሜው አሥራ አንድ ነው፤ ቤቱ ከአዳራሹ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። እሱ መንገድ ባቋረጠ አምስት ትልልቅ ሰዎች ከየሥራቸው እግራቸውን እየጎተቱ መጥተው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ወንበር አሞቁለት። መጨረሻ ላይ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ተቀጠረ። ባለፈው ወርም ለዚህ ወር ነበር የተቀጠረው።

ከአምስቱ የቡድኑ ኮሚቴ አባላት አንዱ የሆነው ልብስ ሰፊ ሸሚዙ ላይ የቀረውን የክር ቁራጭ ለቅሞ ጣቱ ላይ ጠቀለለው። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ወንበር ላይ በነፃ ተቀምጧል። የልጆቹን የማዕረግ ምልክት ሁሉ የሚሰፋው እሱ ነው፤ ገመድ አስተሳሰር ያስተማራቸውም እሱ ነው። አሁን ግን ደክሞታል። ያደከሙት ልጆቹ አይደሉም፤ ልጆቹ ቢሆኑማ በምን ዕድሉ። የሚያደክሙት እነዚህ አራቱ ናቸው።

ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ጡረታ የወጡትም ከትምህርት ቤት እንጂ ከማስተማር አይደለም። ጸሐፊው ፖስታ ቤት ይሠራል፤ የተባለውን ሁሉ ሳል ሳይቀር ስለሚመዘግብ ልጆቹ ቃለ ጉባኤ የሚል ስም አውጥተውለታል። ሦስተኛዋ ነርስ ናት፤ ሲስተር ይሏታል፤ ሁልጊዜ ከአዳር ሥራ ወጥታ ነው የምትመጣው። አራተኛው መካኒክ ነው፣ ብሎን የሚባለው፤ ሰውነቱ ወንበር በነካ በአሥር ደቂቃው እንቅልፍ ይወስደዋል።

“አጀንዳ ሁለት” አሉ መምህሩ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው። “የኮምፓስ ማዕረግ ጥያቄ።”

ልብስ ሰፊው ቀና አለ። የመጣው ለዚህ ነበር።

ኮምፓስ የመጨረሻው ማዕረግ ነው። እዚያ የሚደርስ ልጅ በሁለት ሦስት ዓመት አንድ ቢገኝ ነው። ዘንድሮ የጠየቀችው የአትክልት ሻጭዋ ልጅ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ያልቀረች ልጅ ናት፤ ታናናሾቿን ድንኳን መትከል ያስተማረች፣ በዝናብ እሳት የምታነድ። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የደንቡ አንቀጽ አሥራ አንድ። ኮምፓስ የሚፈልግ ሃምሳ ሜትር መዋኘት አለበት ይላል። የልጅቷ ቀኝ ትከሻ ደግሞ ይወልቃል፤ ሐኪሙ ዋና እንዳታስቢው ብሎ ወረቀት ጽፎላታል። እሷም ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ ወንዝ ዳር ሄዳ በግራ እጇ የመታደጊያ ገመድ መወርወር ተማረች፤ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ጄሪካን አርባ ጊዜ ወርውራ አርባ ጊዜ ጎትታ አወጣች። ይህ በዋናው ምትክ ይያዝልኝ ብላ ጻፈች። እሑድ አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላታል። ከእሑድ በኋላ ልጅ አይደለችም፤ ማዕረጉም የለም። ይህን ጉዳይ መቅጠር አይቻልም።

“እኔ ልጅቷን እወዳታለሁ” ብለው ጀመሩ መምህሩ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው መጨረሻው ይታወቃል። “ግን ዛሬ ዋናን በገመድ ከቀየርን ነገ የእግር ጉዞን በብስክሌት ቀይሩልን ይሉናል። የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። ደንብ ለሁሉም እኩል ነው።”

“መምህር፣ ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው” አለች ሲስተር ዓይኗን እያሸች። “አንቀጹ የተጻፈው ለምንድን ነው? ሰው ውሃ ሲወስደው የሚያወጣ ልጅ እንዲኖረን አይደለም? እኔ ውሃ ውስጥ ብሰጥም ሃምሳ ሜትር ከሚዋኝ ጎረምሳ ይልቅ ገመዷን እመርጣለሁ።”

“ብሰጥም የሚለው ይመዝገብ?” አለ ቃለ ጉባኤ።

“እንደፈለግህ።”

“ደንቡ እኮ ስለ መስጠም አይናገርም” አለ እየጻፈ። “ስለ መዋኘት ነው የሚናገረው። እኔ የተጻፈውን ነው የማውቀው።”

እንዲህ እየተባባሉ ሌላ አርባ ደቂቃ ሄደ። ልብስ ሰፊው ይህን ክርክር ከዚህ በፊት በዚሁ ክፍል፣ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ሰምቶታል። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ነው። ያኔ የጠየቀው የገዛ ልጁ ነበር።

የልጁ ችግር ጆሮ ነበር። ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ውሃ እንዳይገባበት ተብሏል። የቀረው ሁሉ ግን ተሟልቷል። ኮሚቴው ሁለት ለሁለት ተከፈለና ነገሩ አባት ላይ ወደቀ። አባትዬው ከስብሰባው በማግስቱ ይሰጣል ብሎ ተማምኖ ምልክቱን ከወዲሁ ሰፍቶ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ነበር፤ ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ነጭ ኮምፓስ። ሌሎቹ ይወስኑለታል፣ እኔ ላይ አይደርስም ብሎ ነበር ያሰበው። ሲደርስበት ፈራ። ለልጁ አደላ ይሉኛል ብሎ ፈራ። በሰው ፊት ንጹሕ መስሎ ለመታየት የራሱን ልጅ አሳልፎ ሰጠ፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

እዚህ ላይ ስለ ድምፅ አሰጣጣቸው መናገር ያስፈልጋል። እነዚህ ሰዎች እጅ አያወጡም። ድሮ ያወጡ ነበር፤ አንዱ ብብቱን ሲያክ ደገፈ ተብሎ ተቆጠረበትና ሦስት ወር ተኮራረፉ። ከዚያ ወዲህ በሻርፕ ሆነ። የተስማማ ሰው አንገቱ ላይ ያሰረውን የስካውት ሻርፕ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ያኖራል፤ ያልተስማማ እንደታሰረ ይቀመጣል። በአንድ ስብሰባ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለማዕረግ ብቻ። የተፈታ ሻርፕ በዚያ ቀን ተመልሶ አይታሰርም፤ በእጅ ተይዞ ወደ ቤት ይኬዳል። ሐሳቡን የሚያለዋውጥ ሰው እንዳይኖር ነው። ልጆቹ ይህን ስለሚያውቁ አጥሩ ጥግ ቆመው የሚወጣውን ሰው አንገት ያያሉ። ውጤቱን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል።

ያን ቀን ልብስ ሰፊው እንደታሰረ ወጣ። መምህሩ እጁን ጨብጠው “አንተ ሰው ነህ” አሉት። ቤት ሲደርስ ልጁ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ተጣጥቧል፣ ፀጉሩን አበጥሯል፣ በአዘቦት ቀን የስካውት ልብሱን ተኩሶ ለብሷል። የአባቱን አንገት አየ። ተነስቶ ገባና ልብሱን አወለቀ። ከዚያ ወዲያ ወደ ቡድኑ አልሄደም። አልተጣሉም፤ ቢጣሉ ይሻል ነበር። ልጁ አደገ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆነ፣ ሌላ ከተማ ገባ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላል። ደም ግፊትህስ፣ መድኃኒትህን ትወስዳለህ ወይ፣ በል ደህና ዋል። አራት ደቂቃ አይሞላም።

“ድምፅ እንስጥ” አሉ መምህሩ።

ሲስተር ሻርፗን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። መምህሩ አልፈቱም። ቃለ ጉባኤም አልፈታም። መምህሩ ጠረጴዛውን ሲያዩ ግን ሁለት ሻርፕ ነው ያለው።

“ይኼ የማን ነው?”

የብሎን ነበር። የቆርቆሮው ጣሪያ ሲግል ገና አጀንዳ አንድ ላይ አውልቆ ተኝቷል። ሲስተር በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

“ብሎን፣ ይኼ ሻርፕ ድምፅ ነው ወይስ ሙቀት?” አሉት መምህሩ።

“ሙቀት ነው” አለ እንቅልፉ ሳይለቀው። ዞር ዞር ብሎ አየ። “ለምኑ ነበር?”

“ለአትክልት ሻጭዋ ልጅ” አለች ሲስተር።

“ለእሷ ከሆነማ ድምፅ ነው።”

“እንደዚህ አይሆንም” አሉ መምህሩ። “መልሰህ እሰረውና ከመጀመሪያው እንጀምር።”

“የተፈታ ሻርፕ አይታሰርም” አለ ቃለ ጉባኤ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። “ደንብ ነው።”

ደንብ ለሁሉም እኩል ነው ያሉት ራሳቸው መምህሩ ናቸው። ሁለት ለሁለት ሆነ። ሁሉም ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩ።

“አንተንስ አውቅሃለሁ” አሉ መምህሩ ለስለስ ብለው። “ለዚህ ኮሚቴ ምሳሌ የሆንክ ሰው ነህ። ለደንቡ ብለህ በገዛ ልጅህ የጨከንክ ሰው።”

ለማመስገን ነው ያሉት። ልብስ ሰፊው ግን ጨከንክ የሚለው ቃል ላይ ቀረ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ቆራጥ፣ ሐቀኛ፣ የማያዳላ ሲሉት ኖረዋል። በትክክለኛ ስሙ የጠራው ሰው አልነበረም።

እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ። ቋጠሮው ጠብቋል፤ ጣቶቹም ቀኑን ሙሉ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሲሰፉ ውለው ዝለዋል። ለልጆቹ ቋጠሮ ያስተማረው ሰው የራሱን ለመፍታት ደቂቃ ፈጀ። ማንም አልረዳውም፤ እንዲረዱትም አልፈለገም።

“ጨክኜ ነበር። ልክ ነዎት” አለ ሻርፑን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ። “ያኔም መፍታት ነበረብኝ።”

ቃለ ጉባኤ እስክሪብቶውን አንስቶ “ይህም ይመዝገብ?” አለ፤ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

“ይመዝገብ።”

ሲወጣ ልጅቷ ከአጥሩ ማዶ ቆማለች። አንገቱን አየች፤ እጁ ላይ ያለውን ሻርፕም አየች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ልብስ ሰፊው ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎታል። ግን መንገዱን ሁሉ ሲያስብ የሄደው ስለ ሌላ ልጅ ነበር፤ ተጣጥቦ ደጃፍ ላይ ስለተቀመጠው።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ከፈተ። ኮምፓሱ ለእሑድ መድረስ አለበት፤ የዩኒፎርሙ ክምር ደግሞ እስከ ወገቡ ነው። የስፌት መኪናውን የታችኛውን መሳቢያ ሳበ። የቁልፍ ጣሳውን አንስቶ ከሥሩ በወረቀት የተጠቀለለውን አወጣ። ሰማያዊው ጨርቅ አልደበዘዘም፤ ብርሃን አይቶ አያውቅማ። ለልጅቷ ይኸው ዝግጁ ነው። ነገር ግን ሳይጠይቅ መስጠት ከበደው፤ አንድ ጊዜ ሳይጠይቅ ወስኖ ያየውን አይቷል። ቅዳሜን ሳይጠብቅ አርብ ዕለት ደወለ።

“አባዬ? ምን ሆንክ?” አለ ልጁ። ከጀርባው መዶሻ ይሰማል።

“ምንም አልሆንኩም። ደህና ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው።” ከዚያ ነገሩን ሁሉ ነገረው፤ ስለ ልጅቷ ትከሻ፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ብሎን ሻርፕ። ልጁ በብሎን ትንሽ ሳቀ። “እና ፈታሁት” አለ አባት። “ላንተ ያልፈታሁትን ለሌላ ሰው ልጅ ፈታሁት። አጥፍቻለሁ ልጄ። ያኔ ሰውን ፈርቼ ነው እንጂ ደንቡ ገዶኝ አልነበረም።”

መዶሻው ቆመ፤ ወይም ልጁ ራቅ ብሎ ሄደ።

“አንድ ኮምፓስ አለኝ” ቀጠለ አባት። “ድሮ የሰፋሁት ነው። እሱን ልስጣት ወይ ብዬ ነው።”

“ሰማያዊውን?” አለ ልጁ። “ስጣት። ከጀርባው በቀይ ክር ስሜ አለ፣ እሱን ተርትረህ ስጣት።”

ልብስ ሰፊው ጨርቁን ገለበጠው። ስሙ አለ። ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ ለሟች ሚስቱ እንኳ አልነገረም።

“መቼ አየኸው?”

“ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን። ሸሚዜ ላይ የምተክለው ቁልፍ ልፈልግ መሳቢያውን ከፍቼ። ለዚያ ነበር እኮ ለብሼ የጠበቅኩህ። ይዘህልኝ የምትመጣ መስሎኝ።”

አባት ቀዩን ክር በጣቱ ዳሰሰው። አሥራ አምስት ዓመት ልጁ ያዘነው ማዕረግ ስለቀረበት ይመስለው ነበር።

“አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ” አለ ልጁ። ቁጣ የለበትም፤ ድካም ነው ያለበት። “ስጣት። አሁን ለኔ ምን ያደርግልኛል። ነገ እደውላለሁ።”

ስልኩ ተዘጋ። ልብስ ሰፊው መተርተሪያውን አነሳ። ጫፉን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አስገባ፤ ክሩ እንደ አዲስ ጠንካራ ነበር። ክሩን ሳይቆርጥ መተርተሪያውን መልሶ አወጣው። ተነሥቶ ከመደርደሪያው ሌላ ሰማያዊ ጨርቅ አወረደ፣ ለካ፣ ቆረጠ፣ የልጅቷን ኮምፓስ ከመጀመሪያው ጀመረ። የዩኒፎርሙ ባለቤቶች ሲመጡ ነገ አላቸው።

በምሳ ሰዓት ሱቁን ዘግቶ ፖስታ ቤት ሄደ። መስኮቱ ላይ ቃለ ጉባኤ ነው። ትንሿን ፖስታ ተቀበለ፣ መዘነ፣ ቅጹን ሳበ።

“ውስጡ ምንድን ነው?”

“ኮምፓስ ነው። የልጄ።”

ቃለ ጉባኤ ቀና ብሎ አየው። ያን ጊዜም ሳይፈቱ ከቀሩት አንዱ እሱ ነበር። የተባለውን ጻፈ። ከኋላ ሰው ተሰልፏል፤ የቅጹ መጨረሻ ላይ ያለው ጥያቄ ግን ለሁሉም የሚጠየቅ ነው፣ ጠየቀው።

“ተቀባዩ ዕቃ እንደሚላክለት ያውቃል?”

“ያውቃል” አለ ልብስ ሰፊው። “አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያውቃል።”